የአጎት ወንበር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4
በስተርጅና ተማሪ ሆንኩ። የሰፈሩ አዳራሽ፣ «ችግርን እንደ ኮምፒውተር መፍታት»። አስተማሪዋ የገዛ ልጄ ፔይ-ዩን። ክፍል ውስጥ «አቶ ጻይ» ነው የምትለኝ... የወለድኳት እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?

የመጀመሪያው ትምህርት፣ እሷ ኮምፒውተር ሆና እኛ ሻይ አፈላል ማዘዝ። «ውኃ ጨምሪ» አልኩ። የት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሱሪዬ ራሰ። «ኮምፒውተር ያልነገሩትን አያውቅም፣ አቶ ጻይ።» ዓለም የሚያደንቀው እንግዲህ ይህንን ደደብ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7
የልጄ የሠርግ ግብዣ መቀመጫ ድልድል እኔ ላይ ተጣለ። የቤት ሥራ ነው አለች። ችግሩን ቆራርጥ፣ ሕጎቹን ጻፍ፣ ሞክር። ቆራረጥኩ። የተኳረፉ አክስቶች፣ ሲሰክር የሚዘፍን ጎረቤት... ሁሉም ቦታ አገኘ። አንድ ሰው ብቻ አልቀመጥ አለኝ። ጂን-ሹ፣ የሟች ሚስቴ ወንድም።

በእኛ አገር «ሰማይ ላይ አምላክ፣ ምድር ላይ የእናት ወንድም» ይባላል። እሱ የክብር ወንበር ላይ ካልተቀመጠ ሾርባ አይቀመስም። የክብሩ ወንበር ደግሞ ከእኔ አጠገብ። ከሚስቴ ቀብር ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። እኔስ አናገርኩት? ምን በወጣኝ!

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ወረቀቱ ላይ ጂን-ሹን ኩሽናው በር አጠገብ ወሰድኩት፤ ነውር። ከሙሽራው ዘመዶች ጋር፤ የባሰ ነውር። ከአበባው ጀርባ... አበባው ቀጭን፣ እሱ ወፍራም።

ልጄ ወረቀቴን አየች። «ሙከራህን ሁሉ የሚያበላሸው አንድ ሕግ ነው።»

«የቱ?»

«‹ጂን-ሹ ከእኔ አጠገብ አይቀመጥም።› ማን ነው ያወጣው?»

«ሕግ ነዋ!»

«አባዬ... ከእማዬ ወገን የቀረኝ እኮ እሱ ብቻ ነው።»

ክፍል ውስጥ አባዬ አለችኝ። ሕጉን ሰረዝኩት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18
የዛሬው ትምህርት መጠበቅ። «ይህ እስኪሆን ጠብቅ ካላላችሁት፣ ኮምፒውተር ዝም ብሎ ይቀጥላል።» ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

የሴት ሬሳ ሣጥን ወንድሟ ሳያያት አይዘጋም። ይህን የማያውቅ ማን አለ? በሚስቴ ቀብር ቀን ጂን-ሹን አውሎ ነፋስ መንገድ ዘግቶበት ነበር። ለቀብር መልካም ሰዓት የሚመርጠው ቀን ቆጣሪ ያለው ሰዓት ደረሰ... «ዝጉት» አልኩ። ሲደርስ ያገኘው ክዳኑን ነው። ደደቡ ኮምፒውተር ማን ነበር?

የሠርጉን ጥሪ ካርድ ይዤ ጂን-ሹ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተ፣ ካርዱን ተቀበለኝ፣ ዘጋ። ምን ያለ ሞቅ ያለ አቀባበል ነው!

እሁድ፣ ኖቬምበር 24
የግብዣው ሰዓት ደረሰ። የክብሩ ወንበር ባዶ። ልጄ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ጆሮዬ ሥር መጣ፣ «ጌታዬ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ። እንጀምር?»

«ይጠበቅ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪመጣ።»

እንግዳው አጉረመረመ። ዓሣው ደረቀ። ጎረቤቴ ሳይሰክር መዝፈን ጀመረ። ፈራሁ፣ አልዋሽም... ባይመጣስ?

መጣ። ሞተር ብስክሌቱ መንገድ ላይ ቆማበት፣ ላብ አጥምቆት። ያልተነካውን ምግብ አየ፣ ባዶውን ወንበር አየ። ልጄ እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

«ጠበቅከኝ እንዴ?» አለኝ።

«የቤት ሥራ ሰጥታኝ ነው።»

ከዓሣው ቆርሶ ሳህኔ ላይ አኖረልኝ። ድርቅ ያለ፣ ቀዝቃዛ። አንድም ሳላስቀር በላሁት።