የጋሽ ይመሳሰላል ሕይወትና ሰባት ዓመት በእንጥልጥል የቆየችው ድመት

ዛሬ የምንሸኛቸው ባል፣ አባት፣ አያትና የሥራ ባልደረባ ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከቆርቆሮ መሥሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ስለነበሩ፣ እሳቸውን ልትቀበል የመጣችውን ጀማሪ አዋላጅ ከምጣቸው መሃል ሆነው "እንደሱ አይያዝም!" እያሉ ሲያርሟት ነው ልጁ የተወለደው ይባላል። ስህተት ያለመውደድ ነገር ከዚያው ሰዓት የተጋባባቸው ነው የሚሉ አሉ።

"ጋሽ ይመሳሰላል" የሚለውን ስም ያወጡላቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ጠባዩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ገና ፊደል ሳይለዩ ሁለት ዓይነት ከረሜላ ተገዝቶላቸው በሁለቱም መጠቅለያ ላይ ዶሮ ቢያዩ፣ አንደኛው የሌላውን ዶሮ ሰርቋል ብለው አገር ይያዝልኝ አሉ። ባለሱቁ ቢያባብሏቸው፣ ሦስተኛ ከረሜላ ቢጨምሩላቸው እምቢ ሲሉ፣ "ይሄ ልጅ ወይ ዳኛ ይሆናል፣ ወይ ሰው ያሳብዳል" አሉ። ሁለቱም ደረሰ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው፣ በሙያ ትምህርት ቤት የንድፍ ሥራ ተምረው ጨረሱ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ፓተንትና የንግድ ምልክት በሚመዘግበው ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የንግድ ምልክት መርማሪ ሆኑ፤ እስከ ጡረታቸውም ከዚያች ሦስተኛ ፎቅ አልወረዱም።

የዚያ ቤት ዓመት እንደ ገበሬ ዓመት ወቅት አለው። በበጀት ዓመቱ መግቢያ የፈጠራ ሰዎች ይመጣሉ። መሃሉ ላይ የሳሙናው፣ የቀለሙ፣ የብስኩቱ ምልክት ይጎርፋል። ወደ ማብቂያው፣ ዐሥር ዓመት የሞላቸው ምልክቶች እንዲታደሱ ለባለቤቶቻቸው ማስታወሻ ይላካል። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት በትልቁ አዳራሽ ይነበብና ሁሉም እፎይ ይላል። ያለ ነዳጅና ያለ መብራት ለዘለዓለም ይሽከረከራል የሚሉትን ጎማ ይዘው በየዓመቱ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የፓተንት ክፍል ሰዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። ጋሽ ይመሳሰላል ግን፣ ሥራቸው ባይሆንም፣ ወርደው ጎማውን በሌላኛው ጎን ይይዙላቸው ነበር። "አባቴ፣ ለዘለዓለም የሚዞረውን እኛ ካልገፋነው ማን ይገፋዋል?" ይሏቸዋል። ሽማግሌው አይቀየሙም፤ "ዘንድሮ ትንሽ ዘይት ነው የጎደለው" ይላሉ።

በምርመራ ሥራቸው አንድ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሁለት ምልክት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ለእሳቸው ማጭበርበር ነው። "ገበያተኛ ቁጭ ብሎ አያነጻጽርም። ልጅ እያለቀሰበት፣ አውቶቡስ እያመለጠው ነው የሚገዛው" ይሉ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ምልክት በኮሪደሩ መጨረሻ ወንበር ላይ ያስቀምጡና፣ ዘንቢል አንጠልጥለው፣ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው እየተጣደፉ በአጠገቡ ያልፋሉ። ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩትን ይናገራሉ። ያዩት ከዚህ በፊት ከተመዘገበው ጋር ከተምታታባቸው "ይመሳሰላል!" ይላሉ፤ አለቀ። ለጉዳይ የመጣ እንግዳ አንድ ትልቅ ሰው ባዶ ዘንቢል ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር ሲሮጥ ሲያይ፣ የጥበቃው ሠራተኛ "አይዞህ፣ ሥራ ላይ ናቸው" እያለ ያረጋጋው ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በሥራ ላይ ነው። ያኔ ወጣት የነበሩት ባለቤታቸው የአሠሪያቸውን የክር ምልክት ለማሳደስ ሲመጡ፣ ጋሽ ይመሳሰላል በአዲሱ ሥዕል ላይ ያለችው መርፌ ጫፏ ዞሯል ብለው ሁለት ጊዜ መለሷቸው። በሦስተኛው ባለቤታቸው "ወንድሜ፣ ክሩን ነው የሚመረምሩት ወይስ እኔን?" ብለው በሰው ፊት ጠየቋቸው። ጋሽ ይመሳሰላል ውሸት ስለማይሆንላቸው "ሁለቱንም" አሉ። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ባለቤታቸው በጓሮ ክፍል የትራስ መስፊያ ከፈቱ። ትራሱ ስም አወጣ፤ ምልክት ያስፈልገው ጀመር። የመጨረሻዋ ልጃቸው በስድስት ዓመቷ ማንም እጇን ሳይዝ የሣለቻት ተኝታ የምታንቀላፋ ድመት ነበረች፤ እናት እሷኑ ምልክት አደረጓት። እንደማንኛውም አመልካች ተሰልፈው፣ በመስኮት አስገብተው ተመለሱ። ተራዋን ጠብቃ መዝገቧ በጋሽ ይመሳሰላል ጠረጴዛ ላይ አረፈች። "አመልካቿ ባለቤቴ ናቸው፤ ለሌላ ይሰጥልኝ" ብለው ለኃላፊያቸው በጽሑፍ አመለከቱ። ሌላዋ መርማሪ ወልደው ፈቃድ ላይ ነበሩና ኃላፊው "ዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ አንተው ጨርሰው" አሏቸው።

እንግዲህ ልጅ ናትና ለድመቷ ረዥም ጆሮ አድርጋላት ነበር። አንድ የፍራሽ ሠሪ ደግሞ ቀደም ብሎ ያስመዘገበው ተጠቅልሎ የተኛ ጥንቸል አለ። ጋሽ ይመሳሰላል ዘንቢላቸውን ይዘው ኮሪደሩን አለፉ። ተመለሱ፤ ደግመው አለፉ። የዚያን ቀን ያዩአቸው ባልደረቦች ከዚያ በፊት እንዲያ ቀስ ብለው ሲራመዱ አይተዋቸው እንደማያውቁ ይናገራሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው "ይመሳሰላል" አሉ።

የውድቅ ደብዳቤው እንደ ደንቡ በፖስታ ተላከ። ፖስታው እስኪደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ ጋሽ ይመሳሰላል ትንፍሽ አላሉም። ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ማታ እራት እንደወትሮው ቀረበ። አልጋው ላይ ግን ትራሳቸው የለም። ባለቤታቸው "ያልተመዘገበ ዕቃ የመንግሥት ሠራተኛ አንገት ሥር አይገባም" አሉ። ጋሽ ይመሳሰላል ትንሽ አሰቡበትና "ትክክል ነው" ብለው ካፖርታቸውን አጥፈው ተንተርሰው ተኙ።

ሰባት ዓመት እንዲሁ ተኙ። ባለቤታቸው ይግባኝ ጠይቀው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ቦርድ "የድመቷን ጆሮ ያሳጥሩትና ይለፍ" ቢላቸው "የልጄን ድመት ጆሮ አልቆርጥም" አሉ። ሕጉ በየዓመቱ የማሰቢያ ጊዜ ማራዘም ስለሚፈቅድ በየዓመቱ አራዘሙ። ቤት ውስጥ ፍቅሩም ሥራውም አልጎደለም፤ ቅር ሲላቸው ብቻ "መርማሪውን ሾርባው ቀዘቀዘ በሏቸው" እያሉ በልጆቹ በኩል ይልኩባቸዋል። የዓመቱ ሪፖርት በአዳራሹ ሲነበብ፣ ይህን ያህል ቀረበ፣ ይህን ያህል ተመዘገበ ተብሎ መጨረሻ ላይ "በእንጥልጥል ያለ፦ አንድ" ሲባል አዳራሹ በሙሉ ወደ ጋሽ ይመሳሰላል ይዞራል። እሳቸው መዞር አይችሉም፤ ከካፖርቱ የተነሣ አንገታቸው ደርቋል፤ ሰው ሲጠራቸው እንደ ቁምሳጥን በሙሉ አካላቸው ነበር የሚዞሩት።

በሰባተኛው ዓመት የጥንቸሉ ዕድሳት ደረሰ። ካልታደሰ ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ድመቷ ያለ ተቀናቃኝ ትመዘገባለች። ጋሽ ይመሳሰላል ማስታወሻውን ላኩ። "ተቀባይ አልተገኘም" ተብሎ ተመለሰ። ኃላፊው ደስ ብሏቸው፣ "ሕጉ ላኩ እንኳ አይልም፤ አንተ ግን ልከሃል። በቃ፣ ጥንቸሉ ይሙትና አንተም እንደ ሰው ተኛ!" አሏቸው። ጋሽ ይመሳሰላል "የእኔ አንገት ታመመ ተብሎ የሰው ጥንቸል አይሞትም" ብለው ወጡ። ያን ማታ ጸሎታቸውን አስረዘሙ። ፈተናው ቀላል አልነበረምና፤ ባለቤታቸው ምልክቱን መጠበቅ ሰልችቷቸው በዚያ ሰሞን መስፊያውን ስለ መዝጋት ማውራት ጀምረው ነበር።

ቅዳሜ በእግራቸው ወጥተው፣ ሰው ጠይቀው ጠይቀው፣ ፍራሽ ሠሪውን ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ አገኟቸው። ሽማግሌው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ በራሳቸው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል።

"ጥንቸሌን? ውሰደው፣ ምን ያደርግልኛል" አሉ።

"አይወሰድም። ወይ ያድሱት፣ ወይ በጽሑፍ ይተዉት። ሳያውቁት ግን አይጠፋብዎትም።"

"ለመሆኑ ማን ፈልጎት ነው እንዲህ ላብህ እስኪንጠፈጠፍ የመጣኸው?"

ጋሽ ይመሳሰላል ድመቷንም፣ ጆሮዋንም፣ ካፖርቱንም ነገሯቸው። ፍራሽ ሠሪው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ሰባት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን ብትጠይቁኝስ? ፍራሽና ትራስ መቼ ተጣልተው ያውቃሉ?"

የቀደመው ባለመብት ከፈቀደ ሁለቱ ጎን ለጎን ይመዘገባሉ የሚል አንቀጽ እዚያው ሕግ ውስጥ ነበር። ጋሽ ይመሳሰላል በቃላቸው ያውቁታል። መርማሪ ለአመልካች አይለምንም ብለው እሳቸው አልጠየቁም፤ ባለቤታቸው ደግሞ መርማሪውን ምክር አልጠይቅም ብለው እልህ ተጋብተዋል። ፍራሽ ሠሪው የልጅ ልጃቸው ሥራውን ሊያስቀጥል ስለሚፈልግ ጥንቸሉን እንደሚያድሱት ተናገሩ፤ ፈቃዱን ግን "ሚስትህ ራሷ መጥታ ታስፈርመኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያገባችን ሴት ሳላይ አልሞትም" አሉ።

ማታ ጋሽ ይመሳሰላል ሁሉንም ለባለቤታቸው ነገሩ። ባለቤታቸው ሰምተው ሰምተው፣ "ማስታወሻው ከተመለሰ በኋላ ዝም ብትል ድመቷ ታልፍልኝ ነበር፣ አይደል?" አሉ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ሄድክ?"

"የሰውዬው ነዋ።"

ባለቤታቸው ተነሥተው ከጓሮ ክፍል አንድ ትራስ አምጥተው አልጋው ላይ አኖሩ። ጋሽ ይመሳሰላል አዩትና "ገና አልተመዘገበም እኮ" አሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ተኛ!"

ተኙ። በረዥም የአገልግሎት ዘመናቸው የሚታወቅባቸው የደንብ ጥሰት ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ትንሽ ቆይተው ትራሱ ርሶ እንደነበር ይናገራሉ። የማን እንባ እንደሆነ ግን አልተለየም።

ድመቷ ከነጆሮዋ ተመዘገበች። ፍራሽ ሠሪው የቤተሰብ ወዳጅ ሆኑ፤ መስፊያውም አልተዘጋም፤ ዛሬ ያቺው የሣለችው ልጅ ትመራዋለች። ጋሽ ይመሳሰላል በስልሳ ዓመታቸው በክብር ጡረታ ወጡ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ልባቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሆስፒታል ተኝተው እንኳ "እኅቴ፣ እነዚህ ሁለት ጠርሙሶች ይመሳሰላሉ፤ አራርቂያቸው" እያሉ ነርሷን ዕረፍት ነሥተዋት ነበር፤ እሷም በአንደኛው ላይ ቀይ ክር አስራ አሳረፈቻቸው። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ የባለቤታቸውን እጅ እንደያዙ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። አሁን ሰው ደግፏቸው ከፊት የተቀመጡት ፍራሽ ሠሪም ከቤተሰቡ ጋር ይቆጠራሉ። ሲታመሙ የጠየቃችሁ፣ ሲያርፉ የደረሳችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

አንዱን ሰው ከሌላው ሳያምታታ የሁላችንን መልክና ልብ ለይቶ የሚያውቅ አምላክ፣ እኚህን ለሰው ሐቅ የደከሙ አገልጋዩን በደጉ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸውም መጽናናትን ያድልልን። አሜን።