የክርኑ ጣጣ

የካቲት 3
እንደ ሁልጊዜው ፋብሪካ ዋልሁ። ሮቦቱና እኔ አሁንም አልተግባባንም... መዳፉ የብስኩቱ ካርቶን ጋ እንዲደርስ ትከሻው ምን ያህል ይዙር፣ ክርኑ ምን ያህል ይታጠፍ፣ ይህን ማስላት የኔ ሥራ ነው። ዛሬ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ደስ ሲለኝ፣ በክርኑ የፋብሪካውን ባለቤት የአያ ደመቀን ባርኔጣ ጠረገው።
«እጁ ትክክል ነበር» አልኋቸው።
«ባርኔጣዬስ?»
ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልታረመ ሮቦቱ ወደ መጣበት ሳጥን፣ እኔም ወደ ቤቴ።

የካቲት 4
በራሴ ክንድ ብሞክረውስ? ባጃጅ ውስጥ ሞከርሁት። አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ በክርኔ አገጫቸውን አገኘኋቸው።
«ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁሽ?»
ፒያሳ ሳልደርስ ወረድሁ።

የካቲት 5
እራት ላይ ክንዴን ቀስ... ቀስ... እያልሁ አዙሬ ጆጉን ሳነሣ እማ አየችኝ። በኋላ ለጎረቤታችን ለይመኙሽ በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። «ፅዮንን እጇ ላይ ይዟታል።»
ስሌት እኮ ነው የያዘኝ! ማን ይስማኝ...

የካቲት 7
በጠዋት ጠበል ተወሰድሁ። እንዴት ይቀዘቅዛል! ሲወርድብኝ እጄን አናቴ ላይ ጫንሁ።
«ክርንሽን አውርጂ!» አሉ አጥማቂው።
አወረድሁ። እጄ ግን አናቴ ላይ እንደነበረ ነው። ቆይ... ክርኔ ሽቅብም ቢሆን ቁልቁል፣ እጄ ያው ቦታ ነው! ለካ ስሌቱ ሁለት መልስ አለው። እኔ ለሮቦቱ የሰጠሁት ቁልቁሉን ብቻ!
«አገኘሁት!» ብዬ ጮህሁ።
«ለቀቃት!» አሉ አጥማቂው።
እማ እልል አለች። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እልል አለ። እኔም አብሬ አልሁ፣ ምን ላድርግ?

የካቲት 8
ክርኑን ሽቅብ አደረግሁት። እንግዶቹ ፊት ካርቶኑን ሁሉ ደረደረው፣ ማንንም አልነካም። አያ ደመቀ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከበር ላይ ነው ያዩት።
«ሸጋ ነው!» አሉ ከዚያው ሆነው።

የካቲት 10
የማሽን ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ! እኔ!
ሹመቱን ነግረውኝ ልወጣ ስል አያ ደመቀ ጠሩኝ።
«እናትሽ ደውላ የጠበሉን ነገር ሁሉ አጫወተችኝ።»
በቁሜ አለቅሁ።
«ምነው እስከዛሬ ደበቅሽን? ያ የማሸጊያ ማሽንም ኮ አላሠራን ብሏል። አጥማቂው ነገ ይመጣሉ።»
ስለ ሁለቱ መልስ ማስረዳቱን ተውሁት።
ወጥቼ የኃላፊነቴን የመጀመሪያ ትእዛዝ ሰጠሁ። አጥማቂው ጠበላቸውን ይዘው ሳይገቡ ማሽኑ ከሶኬቱ ይነቀል።