ድመቷ እና የአማቴ ሱና

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ባሌ ከሰንበቴ ገበያ በካርቶን ያመጣት ድመት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሥር አልወጣችም። እኔና ልጆቹ ወተትና ሥጋ ይዘን፣ በደረታችን ተኝተን ለመንናት። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ «አስተግፊሩላህ! አዱሬ እንደ እንግዳ ትለመናለች እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ድመትን አዱሬ ነው የሚሏት።

ዛሬ እሳቸው ዙህር ሲሰግዱ ቀስ ብላ ወጣችና መስገጃቸው ላይ ተጋደመች። ከቤቱ ሰው ያልጠሯት እሳቸው ብቻ ነበሩ! ሱጁድ ሲወርዱ ግንባራቸውን ከጎኗ ጠጋ አድርገው ደፉ። ሳቄን በሻርፔ አፈንኩት።

ወትሮ ሶላቱን አሰላምተው እንደጨረሱ ወደ ሱቃቸው የሚሮጡት ሰውዬ ተነሥተው በፈቃድ የሚሰገደውን ሱና ሁለት ረከዓ ጨመሩ። ከዚያ ሌላ ሁለት። ድመቷ ከመስገጃው ንቅንቅ አላለችም፤ እሳቸውም።

ባሌ ደውሎ «ሱቁ ለምን ተዘጋ?» አለኝ።

ምን ልበለው? «አባትህ ዒባዳ ላይ ናቸው» አልኩት።