የአሮጌው ማኒፎልድ ድምፅ

ውድ ወንድምጋሼ፣

መኪናህን ነካካኋት። «እንዳትነኪያት» ብለኸኝ እንደሄድክ አልረሳሁም። በስልክ ብነግርህ ጮኸህ ትዘጋብኛለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። የፈለግከውን ያህል ጩህ፣ እስከ መጨረሻው ግን አንብበው።

የጭስ ማውጫ ማኒፎልዷ መሰንጠቁን ታስታውሳለህ። «ነገ አስበይዳታለሁ» እያልክ አራት ዓመት የነዳሃት አንተ ነህ። ጭሱ በስንጥቁ እያፈተለከ ጭክ ጭክ ጭክ ስትል የምሠራበት ጋራዥ ያሉት ሁሉ «ሰዓቷ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እማዬ ደግሞ አንተ ከሄድክ ወዲህ ዓይኗ በጣም ደክሟል፤ ድምፁን ግን ገና ከመታጠፊያው ትለየዋለች።

በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሥራ ስመለስ ራዲዮኗን ትቀንሳለች፣ ምርኩዟን ትይዛለች፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጥታ የግቢውን በር ትከፍታለች። «መጣህ የኔ ጌታ?» ትላለች። «እኔ ነኝ እማዬ።» «እ… እሺ፣ ግቢ።» ለሦስት ወር ብለህ ሄደህ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። መጀመሪያ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ በኋላ ግን ቀናሁብህ። በየቀኑ የምመጣው እኔ፣ በሩ የሚከፈተው ላንተ።

ባለፈው ወር አለቃችን ለፍጥነት ወዳዶች የሚሸጠውን፣ አራት ቱቦ ያለውን የጭስ ማውጫ አንድ ደንበኛ ትቶት ሄዷል ብሎ ሰጠኝ። «ለዚች አሮጊት የሩጫ ጫማ ልታደርጊላት ነው?» አለኝ። ማኒፎልዷ ስለተሰነጠቀ ነው አልኩት። ለራሴ ደግሞ፣ እማዬ በከንቱ እንዳትደክም ነው አልኩ። ሁለቱም ውሸት አልነበረም፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ያ ድምፅ እንዲጠፋልኝ መፈለጌ ነበር።

ቡሎኖቹን ከዋዜማው ዘይት አጠጣኋቸው። ግማሽ ዙር ፍቺ፣ ሩብ ዙር መልሺ ብለህ እንዳስተማርከኝ ሰባቱን በሰላም አወጣሁ። ስምንተኛው ላይ ትዕግስቴ አለቀና ታገልኩት፤ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ግማሹ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ውስጥ ቀረ። እሱን በስቼ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አዲሱን የጭስ ማውጫ ከመሃል ወደ ዳር እያጠበቅኩ ገጠምኩት። ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ግን ቱቦዎቹን መወልወል ረሳሁ። ብረቱ ሲግል የዘይታም እጄ አሻራ ላዩ ላይ ተቃጥሎ ታተመ፤ አሁን ኮፈኑን የሚከፍት ሁሉ ጥፋተኛዋን ያውቃል።

ድምጿ ወፍራምና ለስላሳ ሆነ። የዚያን ዕለት ቤት ስደርስ በሩ አልተከፈተም። ክላክስ አደረግኩ፣ ማንም የለም። በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። እማዬ ወንበሯ ላይ ነበረች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«በምን መጣሽ?»

«በመኪናዋ።»

«የሱ አይደለችም። ሸጥሻት እንዴ? አልመጣም አለሽ?»

እጇን ይዤ አወጣኋትና ከአጥሩ ጋር አጋጭተህ ያጎደጎድከውን የመኪናዋን በር አስዳሰስኳት። ጎድጓዳውን በጣቷ ለየችው። እኔ ደግሞ መለፍለፍ ጀመርኩ፤ እሱ እየመሰለሽ በየቀኑ ስትነሺ አሳዝነሽኝ ነው፣ ምናምን አልኳት።

«እሱ ይመስለኛል ብሎ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። «አንቺ መሆንሽን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። እሱ መታጠፊያው ላይ ፍሬን አይይዝም፣ አንቺ ትይዣለሽ።»

«ታዲያ ለምን ትነሺ ነበር?»

«ከወንበሬ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ ድረስ እሱ ነበር። ያቺ ደቂቃ ትበቃኝ ነበር።»

በማግስቱ አሮጌውን ልመልሰው አልኳት፣ እስካሁን ጋራዥ ውስጥ አለ። «ተይው ልጄ፣ ይሄኛው ጤነኛ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ አንድም ቀን አልተነሳችም። ስገባ ራዲዮኗን እንኳ አትቀንስም።

ከትናንት ወዲያ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ድንገት «የወንድምሽን ክፍል ለምን ዘግተን እናስቀምጠዋለን?» አለች። «ያንቺው ጣሪያው ያፈሳል። ዕቃሽን አስገቢበት።» ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ያንን ክፍል ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምመኘው ታውቃለህ፤ በመስኮቱ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። እሺ ብያት ወጣሁና መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዕቃዬን አላስገባሁም። ቁልፉ የሥራ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልጋዬን አስገባለሁ፣ ሁለተኛ እንድትለምነኝ አላደርግም።

በምንም ና፣ ግድ የለኝም። ስትደርስ ግን በሩን እንዳትከፍተው፤ አንኳኳና ቁም። አረማመዷ ዘገምተኛ ሆኗልና ታገሳት። ራሷ ትክፈትልህ።

የተቀየመችህና የምትወድህ
እህትህ