መጋዘኑ በር ላይ የወደቅሽ ዕለት

ውድ ሀይማኖት፣

እንዴት ነሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ተናድጃለሁና እሱን እንለፈው። ደህና መሆንሽንማ ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ። አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ ኮት ለብሰሽ፣ ባጅ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ቆመሻል። «ፈጣሪ ይመስገን፣ ልፋቴ ፍሬ አፈራ» ብለሽም ጽፈሻል። የማን ልፋት? ስልኬን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ማስተርሳችንን እንደጨረስን ይሄ የጥበቃ ድርጅት «የድኅረ ምረቃ ተለማማጅ» ብሎ ሲቀበለን ሮቤ አልበቃችን ብላ ነበር። ደሞዝ የለም፤ በመጨረሻ ግን ጎበዝ ሆኖ የተገኘው አንድ ሰው ይቀጠራል ተባልን። ያንን ሁሉ ስለ ደህንነት ያነበብነውን ሥራ ላይ ልናውለው ነው ብለን ተፍለቀለቅን። አንቺንና ፊሊጶስን «የክፍተት ሙከራ» ላይ መደቧችሁ፤ ጥበቃዎቹን አዘናግቶ ሾልኮ መግባት ይቻል እንደሆነ መፈተን። እኔን ደግሞ እነዚያኑ ጥበቃዎች አሠልጥኚ አሉኝ።

ያሠለጠንኳቸውን ልንገርሽ፣ ያኔ አልጠየቅሽኝምና። አንዱ ትምህርት የመጀመሪያ እርዳታ ነበር። ሰው ፊታችሁ ሲወድቅ ቆማችሁ አትዩ፤ ጭንቅላቱን ደግፉ፣ ሰው ጥሩ አልኳቸው። የእህል መጋዘኑ ጥበቃ ኦቦ ጉቱ ከፊት ተቀምጠው ነበር። «ይሄ እንኳ ቀላል ነው፣ ኢንተላ ኮ» ብለው፣ ልጄ እያሉ በኦሮምኛ፣ ሲያስቁን ትዝ ይለኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት አንቺ ሄደሽ እሳቸው በር ላይ ወደቅሽ።

ይህንን የሰማሁት ካንቺ አይደለም። ፊሊጶስ ምሳ ሰዓት ላይ እየሳቀ ነው ያወራልን። ጠዋት ነው፣ ያ የሮቤ ካፊያ እየጣለ ነው፣ አንቺ ጭቃው ላይ ተዘርግተሽ «አባቴ፣ ድረሱልኝ!» ትያለሽ። ኦቦ ጉቱ ዱላቸውን ጥለው ሮጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው ከጭንቅላትሽ ሥር አደረጉልሽ። ወደ ሱቆቹ ዞረው «ቢሻን! ቢሻን አምጡ!» እያሉ ውሃ ይለምኑልሻል። ይሄኔ ፊሊጶስ «ፈንጂ» ብሎ የጻፈበትን ባዶ ካርቶን ተሸክሞ ከጀርባቸው ገባ። ጎበዝ ተዋናይ ነሽ አሉ። እንዲያውም ውሃው እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አልለቀቅሽም ነበር።

ይህንንም እሺ ልበል፤ የታዘዝሽው ነው። ግን ሪፖርቱ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ? «ጥበቃው ከአንዲት መንገደኛ ሴት ጋር ለማውራት በሩን ጥሎ ሄዷል።» ለማውራት! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ፣ ካፖርታቸው ላይ ተኝተሽ የተነሳሽ ልጅ፣ ይህንን ጻፍሽ። እሳቸው ተባረሩ፣ አንቺ ተቀጠርሽ። በር ጥሎ ሄደ የተባለን ጥበቃ ደግሞ ማንም ሌላ ድርጅት እንደማይቀጥረው አብረን ነው የተማርነው።

አቶ በየነ ጋ ገብቼ ጮህኩ። ያደረጉት እኔ ያስተማርኳቸውን ነው አልኩት። «ልደት፣ ሥልጠና ሥልጠና ነው፣ ሥራ ሥራ ነው» አለኝ፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መሆን እንዲህ ያናግራል መሰለኝ። ብዙ ከለመንኩት በኋላ «ሙከራውን የሠራችው ልጅ ራሷ ሌላ ነገር ከተናገረች እመልሳቸዋለሁ፤ አለዚያ አልችልም» አለ። ደጋግሜ የደወልኩልሽ ለዚህ ነበር። አንቺ ግን ሁሌም ስብሰባ ላይ ነሽ።

አሁን ደግሞ ያለፈውን የገበያ ቀን ስሚ። አደ ረቢያን ታውቂያቸዋለሽ፣ መጋዘኑ አጠገብ ሽንኩርት የሚሸጡትን እናት። ስኳር አለባቸው። ከባጃጅ ስወርድ በሩ ፊት ወድቀው አየኋቸው። በኦቦ ጉቱ ቦታ የተተካው ሂካ የበሩን ብረት ጨብጦ ያያቸዋል።

«ሂካ! ምን ትጠብቃለህ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሙከራ ከሆነስ? እኔም እንደ ኦቦ ጉቱ ልባረር?»

«አደ ረቢያ ናቸው እኮ! አታውቃቸውም?»

«አውቃቸዋለሁ። ሽንኩርት የምገዛው ከሳቸው ነው። ግን ድርጅቱ ውደቂ ብሏቸው ቢሆንስ?»

ብረቱን አልለቀቀም ልጁ። ልመታው ፈልጌ አልቻልኩም። ከባጃጁ ሹፌር ጋር ተሸክመን ጎባ ሆስፒታል አደረስናቸው። ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ሲነቁ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ያ ረቢ፣ ልጁ እኮ ዓይኔን እያየ ነበር፤ ምን በድዬው ነው?» የሚል ነው። አንዲት የተማረች ጓደኛዬ ሥራ ፈልጋ ነው ልበላቸው?

አንጀቴ አሯል፣ ሀይማኖት። እናትሽ እትዬ ወለተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በዚያ በር በኩል ነው። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ቢያዳልጣቸው ጥበቃው ፊቱን እንዲያዞር አድርገሽ ነው የሄድሽው። ለሕዝብ ደህንነት ነው እያልን ነበር እኮ የምንማረው።

ሰኞ ጠዋት ከኦቦ ጉቱ ጋር አቶ በየነ ቢሮ እንገባለን። በእሱ ስልክ ይደወልልሻል። የእኔን አታነሺም፣ የአለቃ ስልክ ግን ታነሻለሽ።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ ይህንኑ ነገርኳቸው። የወደቅሽው ለሙከራ እንደነበር ድርጅቱም ነግሯቸው ነበር፣ እኔም ደገምኩላቸው። አላመኑም። «ተዪ እባክሽ፣ ኢንተላ ኮ። እኔን ለማባረር ያመጡት ምክንያት ነው። እጇን ይዤው ነበር፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ሰው በውሸት እንደዚያ ይንቀጠቀጣል? ያቺ ልጅ አሟት ነበር» አሉኝ። ምዬ ብነግራቸውም እንቢ አሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ለመኑኝ። ሰኞ የሥራቸው ጉዳይ ከመነሳቱ በፊት ስልኩን መጀመሪያ ለእሳቸው እንድንሰጣቸው። «ዳነች ወይ ብዬ ልጠይቃት» አሉ።

ምን እንደምትመልሺላቸው እስከ ሰኞ አስቢበት።

ልደት
ሮቤ