መድኃኒቱን በቦርሳው ይዞ የተመለሰው ሰውዬ

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታቸው፤ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበትህ? ያ ጎንህን የሚወጋህ ነገር ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ወርቅነሽስ፣ ልጅህ ደስታስ፣ አንተ ዘንድ ሆና የምትማረው ልጄ ትርንጎስ ደህና ናቸው? ክረምቱ እናንተን በብርድ፣ እኛን በሙቀትና በትንኝ አሳልፎናል። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚህ በላይ ጤና አትጠይቀኝ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ወረቀት ከጀመርሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። አንደኛው፣ ትርንጎ ለወንድሟ ለታደሰ ሙት ዓመት በጥቅምት ካልሄድሁ ብላ ታለቅሳለችና ልላካት ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ወደ ድሮ ዘመን የሚመለሱት ሰዎች ታሪክ ገና አላለቀምና የቀረውን እንጻፍልሽ ወይ የሚል ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ የአንደኛው መልስ እዚያው ውስጥ አለ።

ልጄን በቀበርሁ በሦስተኛው ወር እናንተ ዘንድ ብመጣ፣ ሐዘኗን ትርሳ ብላችሁ ከዚያ ሣጥን ፊት አስቀመጣችሁኝ። ክፉ አስባችሁ አይደለም። ደስታ እንግሊዝኛውን እየተረጎመችልኝ ሦስት ክፍል አየሁ። የመጀመሪያው የጅል ነገር ነበር። አንድ ሊቅ ከእህቱ ጋር ከብረት ጎጆ ገብቶ ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጦርነት መካከል ይወድቃል፤ ሸሚዙ ግን አይጨማደድም። እኔ ከሮቢት እናንተ ዘንድ በአውቶቡስ አንድ ቀን ብጓዝ አቧራዬ በሁለት ውሃ አልለቀቀም። ያን ዕለት ስቄአለሁ፤ ወርቅነሽም "ሳቀች!" ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ወረርሽኝ የገባበት መንደር ደረሱ። ሕፃን ታቅፋ ደጃፏ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች። ሌሎቹ ሲጮኹና ሲወራጩ እሷ ዝም ብላ ልጇን ታያለች። ከዚያ ሁሉ ተጫዋች የወደድሁት እሷን ብቻ ነው። ሊቁ መድኃኒቱን በቦርሳው ይዟል። ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል። ለምን ብዬ ደስታን ብጠይቃት፣ "እትዬ፣ ያለፈው ከተነካ የሚመጣው ይበላሻል፤ ሕጋቸው ነው" አለችኝ። የምን ሕግ ነው? የሚበላሸውስ የማን ነው? አንተም "መድኃኒቱን ከሰጠማ ታሪኩ ዛሬውኑ አለቀ" ብለህ ሳቅህ። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ ያንኑ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ፣ ተክዞ አሳዩን፤ እንድናዝንለት። እኔ አላዘንሁለትም። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ራሴን አመመኝ ያልሁህ ውሸት ነው።

የወጣሁበትን አሁን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ካቻምና በሐምሌ የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች መጥተው የቤቴን ግድግዳ ሁሉ ረጩልኝ። ከእነርሱ አንዱ፣ የጀውሃ ሰው አብዱረዛቅ፣ "እትዬ ደብሪቱ፣ አደራዎን፣ እስከ ጥር ግድግዳውን ጭቃ እንዳያስነኩት። ትንኟ የምትሞተው መድኃኒቱ ላይ ስታርፍ ነው" አለኝ። እሺ አልሁ። አዲሱ ዓመት ገባና የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ደረሰ። አሥራ ሁለት ነን፤ የእኔ ወር ሁልጊዜ መስከረም ነው። ግድግዳው በመድኃኒቱ ነጭ ተዥጎርጉሮ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ጭቃና እበት አቡክቼ በሁለት ቀን ለቀለቅሁት። ጭቃውን የረገጠልኝ ታደሰ ራሱ ነው። "እማዬ፣ ሰውዬው አይነካ አላለም ወይ?" ቢለኝ፣ "የምደግሰው ለሚካኤል ነው ወይስ ለሰውዬው?" ብዬ ዝም አሰኘሁት። ማኅበርተኛው የደብሪቱ ቤት መስታወት መሰለ ብሎ መርቆኝ ሄደ። በወሩ ታደሰን ወባ አንቀጠቀጠው፤ በስድስተኛው ቀን ቀበርነው።

አንተ በየደብዳቤህ የእግዜር ፈቃድ ነው ትለኛለህ። በእግዜር አታሳብብ። ግድግዳውን የለቀለቀው የእኔ መዳፍ ነው። ያ የብረት ጎጆ ቢኖረኝ ሦስት መቶ ዓመት ምን ያደርግልኛል? አንድ መስከረም ይበቃኝ ነበር። ሕጋቸውንም በእግሬ ረግጬ እገባ ነበር። ስለዚህ የቀረውን ክፍል አትጻፉልኝ።

ባለፈው ሐምሌም ረጪዎቹ መጥተው ረጩልኝ። ግድግዳውን አልነካሁትም፤ ማኅበሩም እንደተዥጎረጎረ ገባበት። ጎረቤቴ አልማዝ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ "ምነው ደብሪቱ፣ ጭቃ ጠፋ ወይ? ወንዙ ዳር ሞልቶ" ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ። የእሷ ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ ተለቅልቆ ያብረቀርቃል፤ ሦስት ልጆች አሏት። ሰዉ ሲወጣ ለብቻዋ ይዤ፣ ይህ ግድግዳሽ ልጆችሽን ይበላብሻል አልኋት። አሟረትሽብኝ ብላ ይኸው አታናግረኝም።

እንግዲህ ትርንጎን አትላካት። ጥቅምት የወባ ወር ነው፤ የእኔ ቤት ቢረጭ ጎረቤቱ ሁሉ በጭቃ ተለቅልቋል። ሙት ዓመቱን እኔ ከቄሱ ጋር አወጣዋለሁ። በጥር፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ትምጣ። ግትር መሆኗን ታውቃለህ፤ እንዲያው አትሂጂ ብትላት ሹልክ ብላ መኪና ትሳፈራለች። ስለዚህ ይህን ወረቀት ስጣት፤ ራሷ ታንብበው፤ አንድ መስመር አትደብቅባት። ከዚያ ወዲያ ልትጠላኝ ትችላለች። ትጥላኝ። በሕይወት ኖራ ትጥላኝ።

ወርቅነሽን ስላስታመመችኝ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ደስታን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ በትርጉሟ አልተቀየምሁም። ለትርንጎ ሰላምታዬን የምትሰጣት አንብባ ከጨረሰች በኋላ ነው፤ መስማት ከፈለገች።

እህትህ ደብሪቱ
ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.