የዋናተኞቹ ቀበቶ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዘገዬ፦

የጌታችን ሰላም በደጅህም በጓዳህም ይሁን። እንደምን ከረማችሁ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ቁልቁለት ላይ አሁንም ያምሃል? የእማዬ ዓይንስ ባሰበት ወይስ ባለበት ቆመ? እትዬ ሎሚስ፣ ልጆቻችሁስ፣ እንሰቱስ፣ ያቺ ጥጃዋን አላጠባም ብላ ያስቸገረቻችሁ ላምስ? እኔና ልጄ ቃልኪ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ እዚያው መጋዘን ዕቃ በማሸግ ሥራዬ ላይ ነኝ። ቃልኪ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ስቆጣት ደግሞ በሁለቱም ዝም ትላለች። አመሏ የማን እንደሆነ አንተው ፍረድ።

ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ደብዳቤ እንደ ልማድህ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጠህ ጮክ ብለህ አንብብላት። ነገር ግን እንደ ልማድህ አትዝለል። የሚያስለቅሳትን እየዘለልክ፣ የሚያስቃትን ሁለት ጊዜ እየደገምክ እንደምታነብላት እትዬ ሎሚ ነግራኛለች። የዛሬውን ግን ከላይ እስከ ታች እንዳለ አንብበው። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። የወንዙን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብለህ ትዘጋዋለህ። እኔም ኔትወርኩ የሚቆራረጠው እዚያ ወሬ ላይ ስንደርስ ብቻ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ወደ አገር በምትመጣ በአንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት እጅ ይህን ወረቀት ላክሁ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ባለፈው እሁድ ጥምቀት ነበረን። እዚህ የምናመልከው በኪራይ አዳራሽ ስለሆነ የጥምቀት ገንዳ የለንም። ተጠማቂዎች ሲኖሩ በጋውን ጠብቀን ወደ ባሕር እንወርዳለን፣ የዚህ አገር በጋም ጥርና የካቲት ላይ ነው። እኔ ከምሠራበት ከላቨርተን ኖርዝ ብዙም የማይርቅ ጥሩ የአሸዋ ዳርቻ አለ። ተጠማቂዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የመጨረሻው ስሙ ለታ ይባላል። ለታ በእኛ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን የጭነት ማንሻ መኪና የሚነዳ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። አለቃ አይፈራም፣ ጭነት አይፈራም፣ ውሃ ግን ይፈራል። አጥማቂው ፓስተር አናንያ ደግሞ ቁመቱ ከለታ ብብት አያልፍም።

ፓስተር በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብሎ ሲያጠልቀው ለታ ደንግጦ ይንፈራገጥ ጀመር። የፓስተሩን አንገት እንቅ አድርጎ ያዘና ሁለቱም ተያይዘው ጠለቁ። እኛ በዳርቻው ቆመን ምን እንደተፈጠረ ሳናውቅ እልልታውን እናቀልጠዋለን።

ለካ ያ ዳርቻ ጠባቂዎች አሉት። ቢጫና ቀይ ለብሰው፣ ሰው እንዳይሰጥም ባሕሩን ሲያዩ የሚውሉ ናቸው። ደሞዝ የላቸውም፣ በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። እነሱ ያዩት ነጭ የለበሰ ሰው ሌላውን ውሃ ውስጥ ሲደፍቅ፣ ዳር የቆሙት ደግሞ ሲጮኹ ነው። ታዲያ ምን ያድርጉ? ሁለት ልጃገረዶችና አንድ ጎልማሳ እየበረሩ ገብተው ለታን በብብቱ፣ ፓስተርን በአንገትጌው ጎትተው አወጧቸው። ሰውዬው እየሰጠመ ሳይሆን እየተጠመቀ መሆኑን በእንግሊዝኛዋ ያስረዳችልን ቃልኪ ናት። ለታ የጠጣውን የጨው ውሃ እየተፋ፣ ጠልቄ ወጥቻለሁና ሁለተኛ አይደገምብኝም አለ። እማዬ እዚህ ጋ ከሳቀች ይህን ብቻ መድገም ትችላለህ።

ከጠባቂዎቹ ጋር ግሬም የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ፊቱ በፀሐይ ብዛት እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቋል። ስላስደነገጡን ይሉኝታ ይዞት መሰለኝ ሁላችንንም ወደ ክበባቸው ቤት ሻይ ጠራን። ሰዎቹ ብስኩቱን ከበው ሲጫወቱ እኔ ፎቅ ላይ አንድ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። አባባ እኔ ባለሁበት ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው ይል የነበረው ትዝ ይልሃል? ዛሬም ያው ነኝ። ወጣሁ። ግሬምም ተከትሎኝ መጣ፣ ነገር ግን አልተቆጣኝም። እንዲያውም ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ያለው መሰለኝ።

ክፍሉ የክበቡ ሙዚየም ነው፤ እሱ ነው የሚጠብቀው። ከሱፍ የተሠራ የወንዶች የዋና ልብስ ተሰቅሏል። ሱፍ ውሃ ሲጠጣ አይከብድም ወይ ስለው፣ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሰጥም ነበር ብሎ ሳቀ። እንደ ሕፃን ቆብ አገጭ ሥር የሚታሰር ባለቀለም የጨርቅ ቆብም አለ። ማዕበል ውስጥ የሚታየው ጭንቅላት ብቻ ስለሆነ ሰውዬው ከየትኛው ክበብ እንደመጣ በቆቡ ቀለም ይለይ ነበር አለኝ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ፎቶ ነው። ጎረምሶች በዋና ልብስና በባዶ እግራቸው፣ ባንዲራ ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው በአሸዋው ላይ እንደ ወታደር ይሰለፋሉ። ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጦር ነው አልኩት። ጦር ሳይሆን ስፖርት ነው፤ የየዳርቻው ክበቦች ማን አስተካክሎ ይረግጣል ብለው ይወዳደሩበት ነበር አለኝ። ሰው ለማዳን ሰልፍ ምን ይረዳል ስለው፣ አንድ ላይ መራመድ ያልቻሉ ሰዎች አንድ ላይ ገመድ መሳብም አይችሉም አለኝ።

የምን ገመድ አልኩት። ወደ ክፍሉ መካከል ወሰደኝ። ሸማኔው ጎረቤታችን ድር የሚያጠነጥንበት መዘውር ትዝ ይልሃል? እሱን የሰው ወገብ እስኪደርስ አሳድገህ በእንጨት እግር ላይ አቁመው። በሰም የታሸ ረጅም ገመድ ተጠምጥሞበታል። ጥንት ሰው የሚያድኑት በዚህ ነበር። አንዱ ዋናተኛ የገመዱ ጫፍ የታሰረበትን ቀበቶ ታጥቆ ይገባል። ሌሎቹ ዳር ቆመው ገመዱን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው እየለቀቁ ይከተሉታል። ሰጣሚውን ሲይዝ እጁን ያነሳል፣ ያኔ ይስቡታል። ጋሼ፣ ብላቴ ወንዝ ዳር ያደረጋችሁት ይኸው አይደለም እንዴ?

ቀበቶው አጠገቡ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ሰፊ የሸራ ቀበቶ ሆኖ ከጀርባው ገመዱ የሚታሰርበት ቀለበት፣ ከፊቱ ደግሞ እነሱ ፒን የሚሏት፣ ጣት የምታህል የነሐስ ችንካር አለችው። ይህቺ የምን ናት ስለው ሳጥኑን ከፈተና ቀበቶውን ወገቤ ላይ አስሮ ሳቢያት አለኝ። ሳብኳት። ቀበቶው ከነገመዱ እግሬ ሥር ወደቀ።

ለምን እንዲህ ሠሩት ብዬ ጠየቅሁት። ገመዱ አንዳንዴ በባሕር ሣር ወይም በድንጋይ ይያዛል፣ ዳር ያሉት ግን አያዩም አለኝ። እናድነው ብለው ሲስቡ ዋናተኛውን ወደ ታች ይደፍቁታል። ፒኗ ከመሠራቷ በፊት በዚህ የሞቱ አዳኞች ነበሩ። ግሬም ጎረምሶችን ሲያሠለጥን አስቀድሞ የሚያስተምራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፒኗን ፈልጎ መሳብ ነበር፤ መዋኘት የሚያስተምራቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ያቺን የመጨረሻ ጥያቄዬን ጠየቅሁት። ፒኗን ስቦ፣ ሰጣሚውን ሳይዝ ብቻውን የተመለሰ ሰው ነበር ወይ? አዎ ነበር አለኝ። ታዲያ ሰው ምን አለው አልኩት። ጥያቄው አልገባውም። ደግሜ ብጠይቀው ምን ይለዋል አለኝ፤ ብርድ ልብስ አልብሰን ትኩስ ሻይ ሰጠነው፣ ከዚያም እቤቱ አደረስነው።

ጋሼ፣ እንዳትዘል የለመንኩህ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

እማዬ፣ ያን ነሐሴ ብላቴ ሞልቶ ወንድማችንን ከነዓንን ሲወስደው እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ጋሼ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። ሊያወጣው የጭነት ማሰሪያ ጠፍር ወገቡ ላይ ቋጥሮ ገባ፣ አባባና ጎረቤቶቹ ጫፉን ያዙ። እነሱ የቆሙት ወንዙ ከሚታጠፍበት በላይ ስለነበር ውሃው ውስጥ የሚሆነውን አያዩም። እኔ ግን ሾላው ሥር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርኩ። ከነዓን ከጋሼ እጅ ሳይደርስ ጎርፉ ውጦታል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠፍሩ ውሃ ውስጥ በተጋደመ ግንድ ተያዘ። እነ አባባ ሲስቡ ጋሼ ወደ ታች ሄደ። እንደገና ሲስቡ እንደገና ሄደ። አንዴ ብቅ ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ፍታው፣ ጋሼ ፍታው ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። በምን ጉልበት ያን የራሰ ቋጠሮ እንደፈታው አላውቅም፣ ግን ፈታው።

ከዚያ ባዶው ጠፍር፣ ኋላም ጋሼ ለብቻው ወጣ፣ ለቅሶ ቤትም ፈርቶ ፈታው ተባለ። አባባ ይህንኑ እንደያዘ አለፈ። አንቺም ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ ጠርተሽው አታውቂም። ስትቆጪም ስትመርቂም አንተ ነው የምትይው፣ በሰው ፊት ደግሞ ልጁ። እኔም ሁሉን እያየሁ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ልጅ ስለነበርኩ ፈርቼ ነው። በኋላ ግን ልጅ አልነበርኩም፣ ምክንያት የለኝም።

ጋሼ፣ አንተም ዝም አልክ። ተረፈች ናት ፍታው ያለችኝ ብትል ይበቃህ ነበር። ያ ሁሉ ወሬ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ እንዳይወድቅ ብለህ ሃያ ስድስት ዓመት ለብቻህ ተሸከምከው። እኔ ስለ ሁሉ ነገር የምጠይቀው፣ ከዚያ ቀን በኋላ እንዴት አደርክ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁህም። በጣም አፍራለሁ። ይቅር በለኝ።

ግሬም በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቀደዱ ቀበቶዎች የተረፉ ፒኖች አሉት። አንዷን ለምን እንደምፈልግ ስነግረው መርጦ በመሐረቡ ወልውሎ ሰጠኝ። ፖስታው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልያታለሁ፣ ስትከፍተው እንዳትወድቅብህ። ቃልኪም በክበቡ የልጆች ሥልጠና ልመዝገብ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ሰንብታ ትናንት እሺ አልኳት።

እትዬ ሎሚን ሳምልኝ፣ የላከችልኝ በርበሬ ደርሶኛል በላት። ልጅህ ቅዱሳን በትምህርቱ እንዲበረታ፣ ትንሿ ሆሳዕና ደግሞ መዝሙር ቀድታ እንድትልክልኝ ንገራቸው። ሸማኔው ጎረቤታችን በሕይወት ካለ መዘውሩን ባሕር ማዶ እንዳየሁለት ንገረው።

እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ። አሁን ጋሼ ፒኗን እጅሽ ላይ ያስቀምጥልሽ። ዓይንሽ ባያያትም በጣትሽ ዳብሻት። ሰው ሊያድን የገባ ሰው እሱም ወደ እናቱ እንዲመለስ ተብላ የተሠራች ናት። ከሁለቱ ወንዶች ልጆችሽ አንዱን ወንዙ ወሰደው፣ አንዱ ግን ተመልሶልሻል። አሁን አጠገብሽ ተቀምጦ ይህን የሚያነብልሽ እሱ ነው። እስኪ በስሙ ጥሪው።

ልጅሽ፣ እህትህ
ተረፈች

ሜልበርን፣ ፍሌሚንግተን
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.